ከእግራችሁ ሥር የማይጠፋው ውሻ ምን እያላችሁ ነው?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልጅ ሳል ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም፤ ስለ ውሻ ነው። «ዶክተር፣ አንቺ የሰው ሐኪም አይደለሽም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ነኝ። ነገር ግን ደብረ ብርሃንና አንኮበር አካባቢ ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት ከባድ ነው። በጉን ይጠብቃል፣ ሌሊት ጅብ ያባርራል፣ ከልጆቻችን ጋር ይጫወታል። እንዲህ በቅርብ አብሮን የሚኖር እንስሳ ጠባዩ ሲለወጥ የሰው ሐኪምንም ይመለከታል።

እናቶች ልጅ ሊያስመረምሩ መጥተው መሃል ላይ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ውሻችን ከእግራችን ሥር አልጠፋ አለ። መጸዳጃ ቤት እንኳ ስንሄድ ይከተለናል። በር ስንዘጋበት ያላዝናል። ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። አባቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት፦ «ሞልቋል፤ ዱላ ነው የሚያስፈልገው።»

እኔ በዚህ አልስማማም። ሙጭጭ የሚል ውሻ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራችሁ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ነው። አልፎ አልፎ ግን የልጃችሁን ሕይወት የሚነካ ነገር ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የእያንዳንዱ ወላጅ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ለምን ይለጠፍብናል?

ውሻ በተፈጥሮው ብቻውን የሚኖር እንስሳ አይደለም። እናንተ ቤት ሲገባ ቤተሰቡ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ መከተሉ፣ ደጃፍ ላይ መጠበቁ፣ ስትመጡ ጅራቱን መቁላቱ ጤናማ ነው። ጥያቄ የሚሆነው ከእናንተ ሲለይ መረጋጋት ሲያቅተው፣ ሲያላዝን፣ በር ሲቧጭር፣ ሳይበላ ሲቀር ነው። የተለመዱት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦

1. ከእናቱ ቶሎ መለየት። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። እኛ ጋ ግን ዓይኑን ከገለጠ ብዙም ሳይቆይ በካርቶን ተደርጎ ለጎረቤት ይሰጣል። እንዲህ ያለ ቡችላ ሰው ላይ ቢለጠፍ ምን ይገርማል?

2. ረኃብና ሰዓቱ የማይታወቅ ምግብ። መቼ እንደሚበላ የማያውቅ ውሻ ምግብ የያዘውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ መከተሉ አይቀርም።

3. ብርድ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ሰው እንኳ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። በባዶ መሬት ላይ የሚያድር ውሻ ወደ ምድጃውና ወደ ልጆቹ መኝታ ቢጠጋ ሙቀት ፈልጎ ነው።

4. ፍርሃት። ነጎድጓድ፣ የተኩስ ድምፅ፣ ሌሊት ወደ ሰፈር የሚገባ ጅብ፣ ከዚህ በፊት የቀመሰው ዱላ።

5. የቤት ለውጥ። ከገጠር ወደ ከተማ መምጣት፣ አዲስ ሕፃን መወለድ፣ አብዝቶ የሚወደው ልጅ ለትምህርት ከቤት መውጣት።

6. ሕመምና እርጅና። ሆዱን የታመመ፣ እግሩን የተጎዳ፣ ዓይኑ ወይም ጆሮው የደከመ ውሻ ወደሚያምነው ሰው ይጠጋል።

7. እኛ ራሳችን። ሲያላዝን ዳቦ ከጣልንለት፣ ሲዘል ካቀፍነው፣ ማላዘንና መዝለል እንደሚያዋጣ አስተማርነው ማለት ነው።

ዱላ ለምን አይሠራም?

የአንድ ዓመት ሕፃን እናቱ ከክፍል ስትወጣ ሲያለቅስ «ሞልቋል» ብሎ የሚመታው ወላጅ የለም፤ መለየትን ገና አልለመደም እንላለን። ውሻም በዚህ ረገድ ተመሳሳይ ነው። ፈርቶ የተጠጋውን ስትመቱት ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ፍርሃቱ ሲጨምር ወይ የባሰ ይለጠፋል፣ ወይ መናከስ ይጀምራል። የሚነክሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመታውን አባወራ አይደለም፤ በቁመቱ የሚስተካከለውን ልጅ ነው።

ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። ቀኑን ሙሉ አስሮ ማታ መልቀቅ የለመድነው አያያዝ ነው። ቀን ሙሉ አንድ ቦታ የታሰረ ውሻ ሲፈታ ሰው ላይ ቢዘልና ቢጠመጠም የዋለበት ሁኔታ ውጤት ነው።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

- ሰዓት ይኑረው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓትና በራሱ ሳህን ይብላ። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑረው። ማዕድ ላይ ተቀምጣችሁ ጉርሻ አትወርውሩለት።

- የራሱ ቦታ ይኑረው። ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ገለባ ወይም አሮጌ ጆንያ አንጥፉለት፤ ንፋስና ዝናብ የማያገኘው ጥግ ይሁን። እዚያ ሲተኛ ማንም አይረብሸው። ልጆችም ጭምር።

- ይንቀሳቀስ። በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ በገመድ ይዛችሁ አንሸራሽሩት። ጉልበቱን ያወጣ ውሻ ቤት ሲመለስ ይተኛል።

- የምትሸልሙት ጸጥ ሲል ይሁን። ሲያላዝን ወይም ሲዘል ዞር በሉ፤ አትቆጡ፣ አትዩት። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካና ዝም ሲል ያን ጊዜ አወድሱት፣ ደባብሱት። ይህን ደንብ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድነት ይያዝ። አባት ሲከለክል ልጅ በጓሮ ዳቦ የሚሰጥ ከሆነ ውሻው የሚማረው ነገር የለም።

- መለየትን በጥቂቱ አለማምዱት። መጀመሪያ 1 ደቂቃ ወጥታችሁ ተመለሱ። ከዚያ 5፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት። ስትወጡ አትሰናበቱት፣ ስትገቡም ግርግር አትፍጠሩ።

- ትዕግሥት ይኑራችሁ። ለውጡ የሚመጣው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው። ካልተሻለው፣ ወይም ከከሳ፣ ካነከሰ፣ ምግብ ካልበላ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉን ነው። አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

በድንገት የተለወጠ ውሻ

«የእብድ ውሻ በሽታ» ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ አረፋ እየደፈቀ ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ ውሻ ብቻ ነው የሚታየው። ይህ አንዱ መልክ ነው። ሌላ ጸጥ ያለ መልክም አለው። የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ የጠባይ ለውጥ ነው። ተጫዋች የነበረው ጥግ ይዞ ይደበቃል፤ ሰው የማይጠጋው ደግሞ በድንገት ፍቅሩ ይበዛል፣ ይለጠፋል፣ እጅና ፊት ካልላስኩ ይላል። ቤተሰቡም «ዛሬስ ለመደን» ብሎ ይደሰታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ድምፁ ሊጎረናና ሊለወጥ፣ የታችኛው መንጋጋው ሊወድቅ፣ ለሃጩ ሊዝረከረክ፣ የኋላ እግሩ ሊደክምና ሊንገዳገድ ይችላል። መዋጥ ሲያቅተው አጥንት ጉሮሮው ውስጥ የተሰነቀረ ይመስላል። ርኅሩኅ የሆነ ሰው አጥንቱን ሊያወጣለት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! መዋጥ ያቃተውንና ለሃጩ የሚዝረከረከውን ውሻ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ልጆችን አርቁ፤ በግቢ ውስጥ ዘግታችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።

ማንኛውም የሚለጠፍ ውሻ አብዷል እያልኩ አይደለም። ለዓመታት የሚከተላችሁ ውሻ ዛሬም ቢከተላችሁ ያው ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከለውጡ ነው፤ ለውጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመጣ፣ በተለይም ውሻው ካልተከተበ፣ ወይም በቅርብ ወራት ከሌላ ውሻ ወይም ከዱር አውሬ ጋር ከተናከሰ። ይህን ለማወቅ ደግሞ አስቀድሞ የውሻችሁን የዘወትር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ለውሻ ጠባይ ትኩረት መስጠት የሥራ ፈት ጉዳይ አይደለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቫይረሱ በለሃጩ ውስጥ ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ሊገኝ ይችላል። የሚተላለፈውም በንክሻ ብቻ አይደለም፤ የተበከለ ለሃጭ የተላጠ ቆዳ፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ ይበቃል። ፊቱን የተላሰ፣ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ እዚህ ውስጥ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ ነው። ከተጎጂዎቹ መካከል ልጆች ብዙ ናቸው። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ፣ ማለትም የተነከሰው ቦታ መቆጥቆጥ፣ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ ውሃና ንፋስ መፍራት ከጀመረ፣ እኛ ሐኪሞች ማዳን አንችልም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት በጊዜ ከተደረሰ ግን መከላከል ይቻላል። በእጃችን ያለው ዕድል እሱ ብቻ ነው።

ከነከሰ፣ ከቧጨረ ወይም ቁስል ከላሰ

1. ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት እያያችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። የልብስ ሳሙናም ይሆናል። ይህ ቀላል ነገር ብዙ ቫይረስ ያስወግዳል፤ ጤና ጣቢያ እስክትደርሱም መጠበቅ የለበትም።

2. ጨው፣ በርበሬ፣ ቡና፣ ቅጠል አታድርጉበት። አጥብቃችሁም አትሰሩት።

3. በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቅሩ። ክትባቱ በሁሉም ጤና ጣቢያ ላይኖር ስለሚችል በስልክ አጠያይቁ። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ይከብዳል፣ ገንዘብም ይጠይቃል። ቢሆንም «ነገ እንሄዳለን» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

4. የታዘዘውን ሁሉ ጨርሱ። ብዙ ሰው የሚፈራው በድሮው ክትባት ጊዜ ሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት ይሰጥ የነበረውን መርፌ ነው። ዘመናዊው ክትባት የሚሰጠው ክንድ ላይ፣ ለትንንሽ ሕፃናት ደግሞ ጭን ላይ ነው። የተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ ከዚያም ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ኢሚኖግሎቡሊን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒት ቁስሉ ዙሪያ ይሰጣል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሊያስፈልግ ይችላል። ለነፍሰ ጡርም ለሚያጠቡም ክልክል አይደለም።

5. ውሻውን ወዲያው አትግደሉት። ደኅና የሚመስል ከሆነ በጥንቃቄ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ፤ ክትባቱ ግን በዚህ መሃል ይጀመር። ውሻው 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያስቆም ይችላል። ከሞተ ወይም ከጠፋ ለጤና ባለሙያው ንገሩ። የሞተ ከሆነ ለእንስሳት ጤና ባለሙያም አሳውቁ፤ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ናሙና የሚመረምር ላቦራቶሪ አለው።

በሽታው በሰው ላይ ለመታየት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ከዚያ ሊያጥርም፣ ከዓመት በላይ ሊቆይም ይችላል። «ከተነከሰ ወር ሆኖታል፣ ምንም አልሆነም» ማለት የሚያስተማምን አይደለም። ዘግይታችሁም ቢሆን ኑ።

ክትባቱ ለሰው መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1885 ነው። ሉዊ ፓስተር በውሻ ክፉኛ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ሲያክምበት ልጁ ተረፈ። ከ100 ዓመት በላይ መድኃኒቱ ባለበት ዓለም የእኛ ልጅ ለምን ይሞታል?

ጸበል ወይስ ክትባት?

ይህን ጥያቄ መዝለል አልፈልግም፤ ምክንያቱም ዋናው የመዘግየት ምክንያት አንዱ እዚህ ነው። ጸበል የእምነታችን አካል ነው። ሂዱ ወይም አትሂዱ የማለት ሥልጣን የለኝም፤ አልልምም። የምለው ስለ ሰዓቱ ነው። ቁስሉን እጠቡ፣ ክትባቱን ጀምሩ፣ ከዚያ ጸበላችሁን ተጠመቁ። «መድኃኒትና ጸበል አብሮ አይሄድም» የሚላችሁ ካለ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን አስታውሱት። በባህል መድኃኒት ቤት የሚጠፉት ቀናት ግን አይመለሱም፤ አንዳንዱ መድኃኒት ራሱም መርዛማ ሊሆን ይችላል።

መላስና ጥሬ ሆድ ዕቃ

ሌላ ብዙም የማይወራ ነገር ልጨምር። ሰሜን ሸዋ የበግ አገር ነው። በዓል ሲመጣ በግ እናርዳለን፤ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካየን «ይህስ ለውሻ» ብለን እንጥላለን። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘር ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል። ያ የሚለጠፍ ውሻ ልጁን ሲልስና ልጁ ሲደባብሰው እንቁላሉ ወደ ልጁ አፍ ይገባል። ከዓመታት በኋላም ልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ከረጢት ሊገኝ ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው። ከረጢት ያለበትን ሥጋ አቃጥሉ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩ። ሆድ ዕቃ ለውሻ ከሰጣችሁ በደንብ ቀቅሉት። የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው መሠረት የትል መድኃኒት ስጡት። ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላና ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ውሻ የልጅ ፊት አይላስ፤ አልጋ ላይም አይተኛ።

ልጆቻችንን ምን እናስተምር?

- ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ቡችላዎቿን ስታጠባ አትንኩ።
- አንገቱን አንቃችሁ አትቀፉት፤ ሰው የሚወደው እቅፍ ውሻን ያስጨንቃል።
- ፊቱን ካዞረ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ሰውነቱ ከደረቀ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ «ተዉኝ» ማለቱ ነው።
- የማታውቁት ውሻ ከመጣ አትሩጡ። እንደ ዛፍ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ዓይን ዓይኑን አትዩ። ከወደቃችሁ ተጠቅልላችሁ ፊትና አንገታችሁን ሸፍኑ።
- ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ለእናትና ለአባት ወዲያው ተናገሩ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ልጅ «ለምን ነካካኸው?» ተብሎ የሚገረፍ ከሆነ ንክሻውን ይደብቃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ «ውሻ ቢነክሳችሁ አንቆጣም፤ ብቻ ንገሩን» በሏቸው። ከአምስት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ደግሞ ከየትኛውም ውሻ ጋር፣ ምን ቢታመንም፣ ብቻውን አትተዉ።

የማን ኃላፊነት ነው?

«የእኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም፣ አያብድም» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ማታ የሚፈታው ውሻ የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? በአጥር ቀዳዳስ ማን ይገባል? «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባል የለ! ውሻ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ መከተብ፣ በየዓመቱም መደገም አለበት። «ለውሻ ክትባት የሚሆን ገንዘብ የለኝም» ለምትሉም መልሴ አጭር ነው። ልጅ ከተነከሰ በኋላ የሚወጣው የመጓጓዣ፣ የክትባትና የሥራ ቀን ወጪ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

ውሻን በመርዝ መፍጀትም መፍትሔ አይደለም። የተገደሉትን ያልተከተቡ ሌሎች ይተኳቸዋል፤ በሽታውም ይቀጥላል። በሽታው የሚቆመው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች ሲከተቡ ነው። ስለዚህ ቀበሌዎቻችንና የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቶች የክትባት ቀን ቆርጠው፣ በሰፈር በሰፈር ቢያውጁልን፣ እኛም ውሻችንን በገመድ ይዘን ብንወጣ እላለሁ። ዓለም በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. በ2030 ዜሮ ለማድረስ ግብ ይዟል። ከዚያ የራቅነው መፍትሔው ጠፍቶ ሳይሆን ክትባቱ ውሾቹ ጋ ባለመድረሱ ነው።

ጥቅሙ ከልጆቻችንም ያልፋል። በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 በታች ናቸው። በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። የአንድ ግቢ ውሻ መከተብ ጓሳ ድረስ ይጠቅማል።

እንግዲህ ውሻችሁ ዛሬ ማታ እግራችሁ ሥር ሲመጣ ዱላ ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። በልቷል? በርዶታል ወይም ፈርቷል? ጠባዩ በድንገት ተለውጧል? ከዚያ አራተኛውን ራሳችሁን ጠይቁ፦ መቼ ነው ያስከተብኩት? የመጨረሻውን መመለስ ካቃታችሁ ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራችሁ እሱ ይሁን።

ይህን መልእክት በግ ለሚጠብቁ ልጆች ወላጆች፣ ለመምህራንና ለጎረቤቶቻችሁ አካፍሉ። ጤናችሁ ይብዛ!